የጆሮ ኢምፕላንት እና የኤም አር አይ ምርመራ ደኅንነት

የጆሮ ኢምፕላንት እና የኤም አር አይ ምርመራ ደኅንነት በቀዶ ሕክምና በጆሯቸው ውስጥ ወይም በጆሯቸው አካባቢ የመስሚያ መሣሪያ ወይም ሰው ሠራሽ የጆሮ አካል የተተከለላቸው ሰዎች በኤም አር አይ ሲመረመሩ ጉዳት እንዳይደርስባቸው የሚደረገውን ጥንቃቄ የሚመለከት የሕክምና ጉዳይ ነው። ኤም አር አይ እጅግ ኃይለኛ በሆነ ማግኔት ይሠራል። ከኤሌክትሮኒክ የመስሚያ ኢምፕላንቶች ብዙዎቹ ደግሞ ከቆዳ ሥር የራሳቸው ማግኔት አላቸው። ሁለቱ ማግኔቶች ያለ ዝግጅት ከተገናኙ በታካሚው ላይ ሕመም ሊደርስ፣ ኢምፕላንቱ ከቦታው ሊንቀሳቀስ ወይም ሊበላሽ፣ የሚፈለገውም ምስል ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ማለት ግን የጆሮ ኢምፕላንት ያለው ሰው ሁሉ በኤም አር አይ አይመረመርም ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ኢምፕላንቶች ምንም ችግር አያስከትሉም፤ አንዳንዶቹ በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ጨርሶ የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ «ኢምፕላንት አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። የአምራቹ ስም፣ የመሣሪያው ሞዴል እና የኤም አር አዩ የማግኔት ጉልበት አብረው መታወቅ አለባቸው።

የኤም አር አይ አሠራር

ኤም አር አይ በሰው አካል ውስጥ ካለው ውኃና ስብ በሚገኘው ሃይድሮጅን አማካይነት የውስጥ አካልን ምስል የሚያወጣ መሣሪያ ነው። እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ኤክስ ሬይ አይጠቀምም። በምትኩ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይጠቀማል፤ ሦስቱም በኢምፕላንት ላይ የየራሳቸው ተጽዕኖ አላቸው።

የመጀመሪያው ዋናው መግነጢሳዊ መስክ ነው። ጉልበቱ በቴስላ ይለካል። በሆስፒታሎች በብዛት የሚሠራባቸው መሣሪያዎች 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው፤ ከዚህ ያነሰ ጉልበት ያላቸውም አሉ። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በአማካይ 0.00005 ቴስላ ገደማ ስለሆነ የ1.5 ቴስላ ማግኔት ከእርሱ 30,000 ጊዜ ያህል ይበረታል።

ሁለተኛው ምልክቱ ከየትኛው የአካል ክፍል እንደመጣ ለመለየት በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ አነስተኛ መስክ ነው። በምርመራው ጊዜ የሚሰማው ከባድ የማንኳኳት ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው የሬዲዮ ሞገድ ነው። በ1.5 ቴስላ መሣሪያ የሞገዱ ድግግሞሽ 64 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ በ3 ቴስላ ደግሞ 128 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚተላለፍበት ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል በሁለቱ መካከል ይገኛል። ይህ ሞገድ ረዘም ያለ ሽቦ ሲያገኝ እንደ አንቴና ተቀብሎት ሙቀት ሊፈጥር ይችላል።

በ1.5 እና በ3 ቴስላ መሣሪያዎች ላይ ያለው ማግኔት በፈሳሽ ሂሊየም እጅግ የቀዘቀዘ ጥቅል ሽቦ ነው። ይህ ማግኔት ታካሚ ባይኖርም፣ ማታም ቢሆን፣ መብራት ቢጠፋም እንኳ መሳቡን አያቆምም። «መብራት ስለሌለ መሣሪያው ጠፍቷል» ብሎ ወደ ክፍሉ መግባት ስለዚህ አደገኛ ስሕተት ነው።

የኢምፕላንቶች ዓይነት

በጆሮ ሕክምና የሚተከሉ ነገሮች በኤም አር አይ ፊት የሚኖራቸው ጠባይ እንደየዓይነታቸው ይለያያል።

ኮክሊያር ኢምፕላንት። የመስማት ችሎታቸው በእጅጉ ለተጎዳና ተራ የመስሚያ መርጃ ለማይረዳቸው ሰዎች የሚተከል ነው። ሁለት ክፍሎች አሉት። የውጭው ክፍል ድምፅን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀይራል። የውስጡ ክፍል ከጆሮ ጀርባ ከቆዳ ሥር ተቀምጦ ምልክቱን በቀጭን የኤሌክትሮድ ገመድ ወደ ኮክሊያ፣ ማለትም ወደ ቀንድ አውጣ መሳዩ የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ያደርሳል። ሁለቱ ክፍሎች በቆዳ ላይና በቆዳ ሥር ባሉ ማግኔቶች ተሳስበው ይያያዛሉ። በኤም አር አይ ጊዜ ትልቁ ጥያቄ የውስጠኛው ማግኔት ነው።

የአንጎል ግንድ ኢምፕላንት። የመስማት ነርቭ ሲጠፋ ምልክቱን በቀጥታ ወደ አንጎል ግንድ የሚያደርስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተከለው ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 2 የተባለ በሽታ ላለባቸው ሰዎች ነው። በሽታው በሁለቱም የመስማት ነርቮች ላይ እጢ ስለሚያበቅል ታካሚዎቹ በየጊዜው ኤም አር አይ ያስፈልጋቸዋል።

የመካከለኛ ጆሮ ኢምፕላንት። የመስሚያ አጥንቶችን በማንቀጥቀጥ ድምፅን የሚያጎላ ነው። የቆዩ ሞዴሎቹ ለኤም አር አይ ያልተፈቀዱ ሲሆኑ፣ በቅርብ ጊዜ ከወጡት መካከል እስከ 1.5 ቴስላ በቅድመ ሁኔታ የተፈቀዱ አሉ።

በአጥንት በኩል የሚያሰማ ኢምፕላንት። ድምፅን በራስ ቅል አጥንት በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያስተላልፋል። አንዱ ዓይነት በቆዳ ላይ ብቅ ያለ የታይታኒየም ብሎን ብቻ ያለው ነው። ታይታኒየም በማግኔት ስለማይሳብ የውጭው መሣሪያ ከወለቀ በኋላ ምርመራው በአብዛኛው አይከብድም። ሌላው ዓይነት ከቆዳ ሥር ማግኔት ያለው ስለሆነ እንደ ኮክሊያር ኢምፕላንት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የመስሚያ አጥንት ምትክ። በመካከለኛው ጆሮ መዶሻ፣ መስፍ እና እርካብ የሚባሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። እርካቡ ተጣብቆ መንቀሳቀስ ሲያቅተው በጥቃቅን ፒስተን ይተካል። ፒስተኑ ከፕላስቲክ፣ ከታይታኒየም ወይም ከፕላቲነም የተሠራ ከሆነ በተለመዱት መሣሪያዎች መመርመር ይቻላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ማጊ የተባለው የፒስተን ዓይነት የተወሰኑ ምርቶች በማግኔት ከሚሳብ ብረት ተሠርተው በመገኘታቸው ከገበያ ተሰብስበዋል። በዚያ ዘመን የተሠራላቸው ሰዎች የቀዶ ሕክምናቸው መዝገብ መታየት ያለበት ስለዚህ ነው።

የጆሮ ታምቡር ቱቦ። ፈሳሽ ለሚቋጥር የመካከለኛ ጆሮ የሚገባ ትንሽ ቱቦ ነው። አብዛኞቹ ከፕላስቲክ ወይም ከሲሊኮን ስለሚሠሩ ለኤም አር አይ እንቅፋት አይሆኑም።

ተራ የመስሚያ መርጃ ኢምፕላንት አይደለም፤ ቢሆንም ወደ ማግኔቱ ክፍል ከመግባት በፊት የግድ መውለቅ አለበት። የኮክሊያር ኢምፕላንት የውጭ ክፍልም እንዲሁ ይወልቃል።

የሚደርሱ አደጋዎች

መጠምዘዝ። በቆዩ ኢምፕላንቶች ላይ ያለው ማግኔት ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የማግኔትነቱ አቅጣጫ ከራስ ቅሉ ወደ ውጭ ያመለክታል። በተለመደው ኤም አር አይ ውስጥ በጀርባ ለተኛ ሰው የዋናው መስክ አቅጣጫ ከእግር ወደ ራስ ወይም ከራስ ወደ እግር ነው። ሁለቱ አቅጣጫዎች በግምት በ90 ዲግሪ ስለሚቋረጡ ትንሹ ማግኔት እንደ ኮምፓስ መርፌ ወደ ትልቁ ለመዞር ይታገላል። ጠርዙ ሲነሳ ቆዳውን ከውስጥ ይገፋል፤ ሕመም ይሰማል፤ ከማቀፊያው ሊወጣም ይችላል።

መሳብ። ማግኔት በጣም የሚስበው ታካሚው ወደ መሣሪያው አፍ ሲገባና ሲወጣ ነው፤ የመስኩ ጉልበት በአጭር ርቀት በፍጥነት የሚለወጠው እዚያ ነውና። በዝግታ መግባት ያስፈለገበት ምክንያት ይኸው ነው።

የማግኔት መድከም። የኤም አር አዩ መስክ የኢምፕላንቱን ማግኔት በተቃራኒ አቅጣጫ ከመታው ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በኋላ የውጭው ክፍል በቆዳው ላይ አልይዝ ይላል።

ሙቀትና የኤሌክትሪክ ፍሰት። የሬዲዮ ሞገዱና ተለዋዋጩ መስክ በኤሌክትሮድ ገመዱ ውስጥ ፍሰት ሊፈጥሩ ይችላሉ። ታካሚው ድምፅ የሚመስል ነገር ሊሰማው ይችላል። ሙቀቱ እንዳይበዛ ሰውነት የሚቀበለው የሞገድ ጉልበት ይገደባል። በተለመደው የአሠራር ደረጃ ለጭንቅላት የተቀመጠው ጣሪያ በኪሎግራም 3.2 ዋት ሲሆን፣ የኢምፕላንት አምራቾች ከዚህ ዝቅ ያለ ገደብ ሊያዙ ይችላሉ።

የምስል ጥላ። ማግኔቱ በዙሪያው ያለውን ምስል ያጠቁራል፤ ያጣምማልም። ጥላው ብዙ ሴንቲሜትር ስለሚሰፋ በዚያው ወገን ያለ የአንጎል ክፍል ላይታይ ይችላል። ታካሚው ምንም ሳይጎዳ ቢወጣም ሐኪሙ የሚፈልገውን ካላየ ምርመራው ከንቱ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት የሚፈለገው የአካል ክፍል የትኛው እንደሆነ ማወቅ የደኅንነቱ ጥያቄ አካል ነው።

ታሪክ

የሁለቱ ቴክኖሎጂዎች ዕድገት ጎን ለጎን የሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አንድሬ ጁርኖ እና ሻርል ኤይሪየስ በፓሪስ የመስማት ነርቭን በተተከለ መሣሪያ በኤሌክትሪክ አነቃቁ። በ1961 ዊልያም ሃውስ በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያዎቹን ኮክሊያር ኢምፕላንቶች ተከለ። በ1973 ፖል ላውተርበር በኤም አር አይ መንገድ የተገኘ ምስል አሳተመ። በ1977 ደግሞ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ፦ ሬይመንድ ዳማዲያን የሰውን ገላ በኤም አር አይ አነሳ፤ በቪየና በኢንገቦርግ እና በኤርዊን ሆክማየር የተሠራው ባለ ብዙ ቻናል ኢምፕላንት ለታካሚ ተተከለ። በ1978 ግሬም ክላርክ በሜልበርን የራሱን ባለ ብዙ ቻናል ኢምፕላንት ተከለ። ላውተርበር እና ፒተር ማንስፊልድ በኤም አር አይ ሥራቸው በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በመጀመሪያ የኢምፕላንት ታካሚ በኤም አር አይ እንዳይመረመር ይከለከል ነበር። ከዚያ አምራቾች በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚወጣና የሚመለስ ማግኔት ሠሩ። ቀጥሎም በ1.5 ቴስላ ማግኔቱ ሳይወጣ፣ ጭንቅላቱ በፋሻ ጠብቆ ታስሮ መመርመር የሚቻልባቸው ሞዴሎች መጡ፤ ለ3 ቴስላ ግን ለብዙዎቹ ማግኔቱ መውጣት ነበረበት።

በ2010ዎቹ አጋማሽ የኦስትሪያው ሜድኤል ኩባንያ ሲንክሮኒ በተባለው ሞዴሉ በማቀፊያው ውስጥ በራሱ የሚዞር ማግኔት አቀረበ። ማግኔቱ ራሱ ዞሮ ከመስኩ ጋር ስለሚስማማ ቆዳውን አይገፋም፤ በ3 ቴስላም ሳይወጣ መመርመር ይቻላል። አድቫንስድ ባዮኒክስ በ2018፣ የአውስትራሊያው ኮክሊያር ኩባንያ ደግሞ በ2019 በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ሞዴሎችን በአሜሪካ ገበያ አስገቡ። ቢሆንም ኢምፕላንት ለአሥርተ ዓመታት በሰው አካል ውስጥ የሚቆይ ስለሆነ፣ የቆዩት ሞዴሎች ዛሬም በብዙ ሰዎች ጆሮ ውስጥ አሉ። አንድ ኩባንያ «ለ3 ቴስላ የተፈቀደ» ሞዴል ስላለው የዚያው ኩባንያ ምርት ሁሉ ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

የደኅንነት ምልክቶች

ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያለው የምልክት ደንብ መሠረት ማንኛውም መሣሪያ ከሦስት በአንዱ ይመደባል።

አረንጓዴ አራት ማዕዘን፦ በማንኛውም ኤም አር አይ አደጋ የለውም። ለምሳሌ ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠራ ነገር።

ቢጫ ሦስት ማዕዘን፦ በተጻፈው ቅድመ ሁኔታ ብቻ ይፈቀዳል። የዛሬዎቹ ኮክሊያር ኢምፕላንቶች በዚህ ውስጥ ናቸው።

ቀይ ክብ ከነመስመሩ፦ የተከለከለ ነው። የኢምፕላንት የውጭ ክፍል፣ ተራ የመስሚያ መርጃ እና የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ከዚህ ይመደባሉ።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው በቢጫው ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታው ሳይነበብ «ይቻላል ተብሏል» ተብሎ ብቻ ከታለፈ ቢጫው እንደ አረንጓዴ ተቆጠረ ማለት ነው። ቅድመ ሁኔታው የቴስላውን መጠን፣ የሬዲዮ ሞገዱን ገደብ፣ ፋሻ ማስፈለግ አለማስፈለጉን፣ የጭንቅላቱን አቀማመጥ እና አንዳንዴም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማለፍ ያለበትን ጊዜ ይዘረዝራል። አምራቾች መመሪያቸውን ስለሚያሻሽሉ የሚታየው በምርመራው ቀን ሥራ ላይ ያለው መመሪያ ነው።

ከምርመራው በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ኢምፕላንት መኖሩን ማወቅ ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም የሚያመልጥበት መንገድ ብዙ ነው። የውጭው ክፍል ከወለቀ በኋላ ከላይ የሚታየው ከጆሮ ጀርባ ያለ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ነው፤ እርሱንም ጸጉር፣ ሻሽ ወይም ነጠላ ይሸፍነዋል። «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ታካሚው ኢምፕላንቱን እንደ ብረት ስለማይቆጥረው «የለም» ሊል ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሣሪያውን ያወለቀ ሰው ጥያቄውን ላይሰማው ይችላል፤ በትሕትና ራሱን ቢነቀንቅ እንደ መልስ መወሰድ የለበትም።

ስለዚህ ጥያቄው መሣሪያው ሳይወልቅ፣ ግልጽ በሆኑ ቃላት መቅረብ አለበት፦

– በጆሮዎ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል?
– ከጆሮዎ ጀርባ ከቆዳ ሥር የተቀመጠ ነገር አለ?
– የሚሰሙበት መሣሪያ በጭንቅላትዎ ላይ በማግኔት ይለጠፋል?
– በአንድ ጆሮ ነው ወይስ በሁለቱም?
– ካርዱን ይዘዋል?

ቀጥሎ የኢምፕላንቱ መታወቂያ ካርድ ይታያል። ካርዱ ከጠፋ ቀዶ ሕክምናው የተሠራበት ሆስፒታል መዝገብ ይጠየቃል። የራስ ቅል ራጅም ይረዳል፤ ማግኔቱንና የኢምፕላንቱን ቅርጽ ያሳያል፤ በብዙዎቹም ላይ አምራቹን የሚለይ ምልክት ይነበባል። ሞዴሉ እስኪታወቅ ድረስ ታካሚው ወደ ማግኔቱ ክፍል አይገባም። ሕመሙ ፋታ የማይሰጥ ከሆነ ሐኪሙ ሲቲ ስካን ወይም አልትራሳውንድ ለጥያቄው መልስ ይሰጥ እንደሆነ ያያል። ሲቲ ስካን በማግኔት ስለማይሠራ ኢምፕላንቱን አያንቀሳቅስም፤ ኤም አር አይ የሚያሳየውን ሁሉ ግን አያሳይም።

በመጨረሻም በገላ ላይ ያለ ብረት ሁሉ ይወልቃል፦ ጉትቻ፣ የጸጉር ሽቦ፣ ሰዓት፣ ቀበቶ፣ ስልክ፣ ሳንቲም። ክር ብቻ የሆነ ማተብ ችግር የለውም፤ የተንጠለጠለበት የብረት መስቀል ግን መውለቅ አለበት። በብረት ማኅደር የተያዘ ክታብም እንዲሁ። ምክንያቱ ቀድሞ ከተነገረ ታካሚዎች በክብር አውልቀው ለአስታማሚ ያስረክባሉ። በአካላቸው ውስጥ የጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ ያለባቸው ሰዎችም ይህንኑ መናገር ይኖርባቸዋል።

በምርመራው ጊዜ

የኢምፕላንት ታካሚ በማግኔቱ ክፍል ውስጥ መስማት የማይችል ሰው መሆኑ መረሳት የለበትም። የውጭው ክፍል ወልቋል፤ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው «አይንቀሳቀሱ» የሚል ትእዛዝ አይደርሰውም። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ መቼ ጸጥ ብሎ መተኛት እንዳለበት እና ሕመም ቢሰማው ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ወይም በምልክት ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። የመጥሪያው ኳስ በእጁ ይሰጠዋል፤ አሠራሩም ከመጀመሩ በፊት ይሞከራል። የእጅ ወይም የእግር መነካት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት ጥሩ ነው። አብሮ የሚገባ ቤተሰብ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም እንደ ታካሚው ስለ ብረትና ስለ ኢምፕላንት ይጠየቃል።

አምራቹ ፋሻ ካዘዘ ማግኔቱ ባለበት ቦታ ላይ ጠንከር ያለ ማስደገፊያ ተደርጎ ጭንቅላቱ በመመሪያው መሠረት ይታሰራል። ፋሻው ማግኔቱ የመንቀሳቀስ ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም፤ ሕመሙንም ሁልጊዜ አያጠፋም። ሕመሙ ከበረታ ምርመራው ወዲያው ይቆማል። በማደንዘዣ የሚመረመር ሕፃን ሕመሙን መናገር ስለማይችል ለእርሱ የሚደረገው ጥንቃቄ ከፍ ያለ ነው።

በሥራ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ተራ ቃሬዛ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ መግባት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት የስድስት ዓመት ልጅ በመመርመር ላይ እያለ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ መትቶት ሞቷል።

ከምርመራው በኋላ

ታካሚው ከክፍሉ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ የውጭውን ክፍል መልሶ ያደርጋል። ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ የውጭው ክፍል እንደ ቀድሞው በቆዳው ላይ ይይዛል ወይ? ድምፁ እንደ ቀድሞው ነው ወይ? በቦታው እብጠት፣ መቅላት ወይም ሕመም አለ ወይ? ከእነዚህ በአንዱ ለውጥ ካለ በራጅ የማግኔቱ ቦታ ይታያል። ከቦታው የወጣ ማግኔት ቶሎ ካልተመለሰ ቆዳውን ከውስጥ ሊያቆስል ስለሚችል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለመስማት ችግር ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ሥር የሰደደ የመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን፣ ማጅራት ገትር፣ ሲወለዱ ጀምሮ የሚኖር ችግር እና እንደ ጄንታማይሲን ያሉ ጆሮን ሊጎዱ የሚችሉ መድኃኒቶች ይገኛሉ። አገሪቱ በአፍሪካ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በሚባለው ክልል ውስጥ ናት። ማጅራት ገትር የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳና በኮክሊያ ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ስለሚችል፣ ኢምፕላንት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቶሎ መታየት አለባቸው። ኤም አር አይ ራሱ ኢምፕላንት ከመተከሉ በፊት ኮክሊያውና የመስማት ነርቩ ደኅና መሆናቸውን ለማየት ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግር የተሐድሶ አገልግሎት እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል።

የኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት ከጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ተነስቶ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና በጠቅላላ ሆስፒታል በኩል እስከ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሪፈራል የተያያዘ ነው። ኤም አር አይ የሚገኘው በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው። የሕክምና መሣሪያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ከሐሙሲት እስከ ምርመራው ክፍል

የርቀቱን ትርጉም ለመረዳት በደቡብ ጎንደር ዞን የምትገኘው ሐሙሲት ጥሩ ምሳሌ ናት። ሐሙሲት በደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ጎንደር በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ ወረታ ላይ ይገነጠላል። ከአካባቢዋ የተነሳ ታካሚ ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ወይም በባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች፣ ከዚያም ካልሆነ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል።

በዚህ መንገድ ላይ ታካሚው ብዙ እጅ ያልፋል፤ በየእጁም መረጃ ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ ውጭ አገር ባሉ ዘመዶቿ ርዳታ ኢምፕላንት የተተከለላት ልጅ ከዓመታት በኋላ ብርቱ የራስ ምታት ቢያማት፣ ጤና ጣቢያው የሚጽፈው ስለ ራስ ምታቱ ነው። ካርዱ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ስለተጻፈ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። ልጅቷና አስታማሚዋ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ አውጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው ምርመራው በር ላይ ሲደርሱ «ሞዴሉ ካልታወቀ አይቻልም» ይባላሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ ድካሙ ግን በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊቀር ይችል ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ እንድትገባ መደረጉ ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ማግኔቱ ካለበት ክፍል ሳይሆን የመጀመሪያው የሪፈራል ወረቀት ከሚጻፍበት ጠረጴዛ ነው። በወረቀቱ ላይ ቢሰፍሩ የሚጠቅሙት፦

– የአምራቹ ስምና የመሣሪያው ሞዴል፣ ከነመለያ ቁጥሩ፤
– የተተከለበት ጆሮ (ቀኝ፣ ግራ ወይም ሁለቱም)፤
– የተተከለበት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተገልጾ፤
– ቀዶ ሕክምናው የተሠራበት ሆስፒታልና አገር፤
– ማግኔቱ ከዚህ በፊት ወጥቶ ወይም ተቀይሮ እንደሆነ።

የዓመቱ አቆጣጠር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የአንድ ኩባንያ አሮጌና አዲስ ሞዴል ልዩነት የጥቂት ዓመታት ሊሆን ስለሚችል፣ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ወደ ተሳሳተ ሞዴል ሊመራ ይችላል። የካርዱን ሁለት ገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል ዘንድ ማስቀመጥ ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው። ወደ ከተማው ከመጓዝ በፊት የምርመራ ማዕከሉ ደውሎ መጠየቅም ይቻላል፦ መሣሪያው ስንት ቴስላ ነው? የዚህ ሞዴል ታካሚስ ይቀበላል?

የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

«ከዚህ በፊት ተመርምሬ ምንም አልሆንኩም።» ያኔ የተመረመረው በ1.5 ቴስላ ከሆነና አሁን ያለው መሣሪያ 3 ቴስላ ከሆነ የቀድሞው ልምድ ማስረጃ አይሆንም።

«የሚመረመረው ጉልበቴ ስለሆነ ጆሮዬ አይመለከተውም።» ጉልበት ቢመረመርም ጭንቅላት በኃይለኛው መስክ ውስጥ ወይም አጠገብ ይሆናል። የምስል ጥላው ጉልበት ላይ አይደርስም፤ ማግኔቱ ግን ሊጠመዘዝ ይችላል።

«ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ ኤም አር አይ ሁልጊዜ ይሻላል።» አነስተኛ ጉልበት መሳቡን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች የመስኩ አቅጣጫ የተለየ ስለሆነ ያልተፈተነ ሞዴል በእነርሱም አይገባም።

«ኢምፕላንት ያለው ሰው ኤም አር አይ ተከልክሏል።» ይህ የቆየ አባባል ነው። ሞዴሉ እስከታወቀና ቅድመ ሁኔታው እስከተከበረ ድረስ ብዙዎች ያለ ጉዳት ይመረመራሉ። ያለ በቂ ምክንያት መከልከልም የአንጎል እጢን ወይም የአከርካሪ በሽታን በጊዜ እንዳይታይ ስለሚያደርግ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው።

ደግሞ ይዩ፦ ኤም አር አይ፣ ኮክሊያር ኢምፕላንት፣ ጆሮ፣ ማግኔት፣ ማጅራት ገትር፣ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ፣ ሐሙሲት፣ ደብረ ታቦር